ልጃችን በእምነት ላይ ማፌዝ ጀምሯል፤ ፍልሰታ ሳይገባ ምን እናድርግ?

ወለተ ጊዮርጊስ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን 22 ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከእኛው ጋር ይኖራል። እስከ 11ኛ ክፍል የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነበር። አሁን «አላምንም» ብሎ አያውቅም፤ ግን ሁሉንም ነገር ያላግጥበታል። ካህን ሲያይ «ደመወዝተኛ»፣ ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር «ቀረጥ መጣ»፣ አያቱ ዳዊት ስትደግም «ኔትወርክ አለ ወይ?» ይላል። የ9 ዓመት እኅት አለችው፣ በፍልሰታ ትቆርባለች፣ እሱን እያየች መሳቅ ጀምራለች።

ነሐሴ 1 እየደረሰ ነው። ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ፦ ምን ብለን እናነጋግረው? የንስሐ አባታችንን ቤት እንጥራ? ጾሙንስ፣ ማለቴ ምግቡን፣ እንዴት እናድርግ?

የሰንበት መምህር

እኅታችን፣ ከጻፉት ውስጥ ትልቁ ነገር «አላምንም ብሎ አያውቅም» ያሉት ነው። እምነቱን ጨርሶ የተወ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ነገሩ አይመለከተውማ። የሚያላግጠው ግን ገና ከነገሩ አልወጣም። የተናደደበት ወይም ያዘነበት ነገር አለ። ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ ሁለት ሳምንት ያህል ያዳምጡ።

በካህናትና በገንዘብ ላይ ከሆነ ያዘነው በሰዎች ነው። በኦሪት ዘፍጥረት፣ በኖኅ መርከብ፣ በዓለም ዕድሜ ላይ ከሆነ እውነተኛ ጥያቄ አለው፣ መልስ የሚሰጠው ሰው አጥቷል። «ጸሎት ምን ፈየደ» ከሆነ ቁስል አለ። ንስሐና ቁርባን ሲነሣ ብቻ የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያፈረበት ነገር ነው፤ ፍቅረኛ፣ መጠጥ፣ ለቤተሰብ ያልተነገረ ኑሮ። አራቱም በአፍ አንድ ዓይነት ቀልድ ሆነው ይወጣሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። በካህናት ላይ ላዘነ ልጅ ስለ ሥነ ፍጥረት ቢያስረዱት «አልሰማችሁኝም» ይላል፣ እውነቱን ነው።

የእርስዎን ልጅ ቃላት ስመለከት «ደመወዝተኛ»ና «ቀረጥ» ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። «ኔትወርክ አለ ወይ?» ግን ትለያለች። ይህች የጸሎት ነገር ናት። ጸልዮ ያልተመለሰለት ነገር ነበር?

ስለ አጀማመሩ። ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ አባትም እናትም አያትም ተሰብስበው አይሁን። ያ ሽምግልና ይመስላል፣ ጥፋተኛው ደግሞ አስቀድሞ ታውቋል። ከሁለታችሁ አንዱ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ መኪና ውስጥ ወይም ገበያ ስትሄዱ። 20 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «በቤተ ክርስቲያን ነገር በጣም ያበሳጨህ ምንድን ነው?» ሲጨርስ የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩት፣ «እንዲህ ነው የገባኝ፤ ትክክል ነኝ?» ይበሉት። በዚያ ቀን መልስ አይስጡ። ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ላይ ሳይደርስ ማስተማር ይጀመራል፣ ልጁም ያን ጊዜውኑ ወደ ቀልዱ ይመለሳል። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብለው፣ በሳምንቱ ውስጥ በእርግጥ ይመለሱበት። ካልተመለሱ ሁለተኛ አይነግርዎትም።

ሰሎሜ

እትዬ፣ በወጣቶቹ በኩል አንድ ነገር ልበል። በቴሌግራም የሚላከው ስብከት ይቁም። ጠዋት ጠዋት የ40 ደቂቃ ቪዲዮ የሚላክለት ልጅ አንዱንም አይከፍትም፤ ቀስ በቀስ የእናቱን መልእክት በሙሉ ሳይከፍት ማለፍ ይለምዳል፣ «ዳቦ ገዝተህ ና» የሚለውን ጭምር። ካልጠየቀ አይላክለት።

ደግሞም «የእነ እገሌ ልጅ ዲያቆን ሆነ» አይባል። የጽዋ ማኅበር ላይ «ጸልዩለት፣ ከሃይማኖት ወጣ» ብሎ ማውራትም ይቅር። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሱም ከማን እንደወጣ ያውቃል። ለጸሎት ከሆነ ስመ ክርስትናውን ብቻ መስጠት ይበቃል።

አባት ከመካኒሳ

እኔ ግን ይህን ያህል መለሳለስ አይገባኝም። ቤት ሥርዓት አለው። 22 ዓመት ሙሉ ሰው ነው። የአባቱን ቤት እየበላ የአባቱን ሃይማኖት ሊሰድብ አይችልም። ዛሬ ዝም ካላችሁት ነገ ትንሿ እኅቱም ትከተላለች።

የሰንበት መምህር

አባት፣ ስለ ትንሿ ልጅ ያነሡት ልክ ነው፤ እዚያ ላይ ዝም ማለት አይገባም። ግን ሁለት ነገር እንለይ። በቤታችሁ ከሚኖር ጎልማሳ ሥርዓት መጠየቅ ትችላላችሁ፦ ጸሎት ሲደረስ ድምፅ አለማሰማት፣ በአያቱ ላይ አለማላገጥ፣ በሕፃኗ ፊት ቅዱስ ቁርባንን አለመንካት። ይህ እንግዳም የሚጠየቀው ጨዋነት ነው። እምነቱን ግን ልትጠይቁት አትችሉም። «አስቀድስ፣ ያለዚያ የኪስ ገንዘብ የለም» የተባለ ልጅ ያስቀድሳል፣ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ። ቤተ ክርስቲያን በገንዘብ የሚሠራ ነገር ነው ለሚለው ክሱም ማስረጃውን ከእናንተ አገኘ ማለት ነው። ሐዋርያው በኤፌሶን 6፥4 ልጆቻችሁን አታስቆጡ ያለው ለአባቶች ነው። በቆላስይስ 3፥21 ምክንያቱን ይጨምራል፦ ልባቸው እንዳይዝል።

ሥርዓቱን ስትነግሩት አጭር ይሁን፣ በንዴት ሰዓትም አይሁን። «ጥያቄህን ለእኔ በፈለግኸው ቃል ጠይቀኝ፤ በእኅትህ ፊት ግን ቀልዱ ይቅር» ማለት ይበቃል። የመጀመሪያው ግማሽ ከሌለ ሁለተኛው «አፍህን ዝጋ» ሆኖ ነው የሚሰማው።

ወለተ ጊዮርጊስ (አዲስ አበባ)

መምህር፣ ስለ ጸሎቱ የጠየቁትን ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርንበት። የልብ ጓደኛው 3ኛ ዓመት ላይ እያሉ በኩላሊት በሽታ ታሞ ሞቷል። ያን ጊዜ ልጃችን ጾም ይዞ ነበር፣ ጸበልም እየሄደ ያመጣለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንሥቶ አያውቅም። እኛም አላነሣንበትም።

ቀሲስ ዘድንግል

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኅቴ፣ እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ስለ ካህናት መከራከር አይደለም፤ ስለ ጓደኛው መጠየቅ ነው። ስሙን ጥሪው። «እገሌን አስበዋለሁ፤ ያን ጊዜ ስትጾምለት አየሁ፤ ምንም አላልኩህም» በይው። «እግዚአብሔር ለበጎ ወሰደው» ግን አትበይ። ያቺ ቃል በለቅሶ ቤት የተለመደች ናት፤ ለ20 ዓመት ልጅ ግን እግዚአብሔርን ገዳይ አድርጋ ታስቀርበታለች። የአሳፍን መዝሙር አብራችሁ ልታነብቡት ትችላላችሁ፣ በዳዊት 72ኛው ነው። ኃጥአን ደልቷቸው ጻድቅ ሲገረፍ አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት የቀረው ሰው መዝሙር ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቅሬታ አልደበቀችውም፤ ጸሎት አድርጋ ታዜመዋለች። ልጁ ይህን ማወቅ አለበት።

የንስሐ አባታችሁን ስለ መጥራት። ሳይነገረው እራት ላይ ካህን ተቀምጦ ካገኘ ወጥመድ ነው የሚመስለው፤ ከዚያ በኋላ ያንን ካህን ብቻ ሳይሆን እራቱንም ይሸሻል። ይልቅ «ማነጋገር የምትፈልገው አባት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቤተሰቡ ንስሐ አባት ባይሆኑ ይሻላል፤ የእናንተን ሁሉ ምሥጢር የሚያውቁ ስለሆኑ ከእናንተ ወገን ናቸው ብሎ ያስባል። ሌላ አባት ቢመርጥ የቤተሰቡ አባት አውቀው ያሰናብቱት፣ ያንን ጨዋነት እናንተ ጨርሱለት። ሲመለስ «ምን አሉህ?» አይባልም። ካህኑንም «ምን ነገረዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሊነግሯችሁ አይገባምና።

ቁርባንን በተመለከተ ፈጽሞ አታስገድዱት። በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27–29 ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ ዕዳ እንዳለበት ተጽፏል። ብዙ ወላጅ «አንድ ጊዜ ቢቆርብ ይመለስ ነበር» ይላል፤ ሥርዓቱ ግን ተቃራኒ ነው፣ ማመንና ንስሐ ይቀድማሉ። ደግሞ አስተውሉ፦ በእኛ ዘንድ ሕፃናት በየሳምንቱ ይቆርባሉ፣ ጎረምሳ ሲሆኑ ይቆማል፣ ከዚያ እስከ ጋብቻ ወይም እስከ እርጅና ማንም አይጠይቃቸውም። ብዙ ወጣት የራቀው ያላገጠ ቀን አይደለም፤ ከዚያ አምስትና ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው።

በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት ሞኒካ፣ እሱ በወጣትነቱ ከእምነቷ ርቆ ሳለ፣ አንድ ጳጳስ ልጇን እንዲያነጋግሩላት ለምናቸው ነበር። እምቢ አሏት። አሁን በአዲሱ ትምህርት ተመክቷል፣ አይሰማኝም፤ እያነበበ ስሕተቱን ራሱ ይደርስበታል፤ አንቺ ጸልዪለት አሏት። ጳጳሱ ራሳቸው በልጅነታቸው በዚያው ልጇ በገባበት በማኒ ትምህርት (ማኒ የተባለ ሰው ባስፋፋው ኑፋቄ) ያደጉ ስለነበሩ ያውቁት ነበር። አውግስጢኖስ በ387 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ሚላን ላይ ተጠመቀ። ከጳጳሱ ቃል በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ፍልሰታ ቀጠሮ አትያዙለት።

መጽሐፈ ቤት

ቀሲስ፣ ይባርኩኝ። ስለ ካህናቱና ስለ ገንዘቡ ነገር ልጨምር፣ ኀዘኑ ዋናው ቢሆንም ያም ክስ መልስ ይፈልጋል።

እውነት የሆነውን እመኑለት። ይህ ልጅ ያደገበትን ዘመን አስቡት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ ሐምሌ 2010 ድረስ አገር ውስጥና ውጭ አገር ሁለት ሲኖዶስ ነበር። በጥር 2015 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ሻሸመኔ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በየካቲት ስምምነት ተደረገ። ሁሉንም በስልኩ እያየ ነው ያደገው። «የቤተ ክርስቲያንን ገመና አታውጣ» ቢባል ወላጆቹ ወይ አያውቁም ወይ ይዋሻሉ ይላል። «አዎ፣ ሆኗል፤ እኔም አዝኛለሁ» ከተባለ ግን የሚያላግጥበት ምክንያት ያጥረዋል።

ከዚያ በኋላ ሌላውን ወገን ማሳየት ይቻላል። ካህን ሁሉ ደመወዝተኛ ነው ለሚል ልጅ፣ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በፋሽስት ጥይት አዲስ አበባ ላይ የወደቁት ለደመወዝ አይደለም። በ1929 ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሽነዋል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ታስረው በ1971 ተገድለዋል። ነገር ግን ይህን ለመርቻ አታንሡት፤ እሱም መልስ አለው፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች) በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ምን እንደደረሰባቸው ይጠይቃችኋል። ያንንም እመኑለት። ያሳደዷቸው ከቤተ ክርስቲያን ጋር የቆሙ ሰዎች ነበሩ፣ የተሰደዱትም መነኮሳት ነበሩ።

ለገንዘቡ ደግሞ ክርክር አያስፈልግም። በቃለ ዓዋዲው (በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ) መሠረት የሰበካ ጉባኤ አለ፤ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካዮች አሉበት፤ የገቢና የወጪ ሪፖርት ለምእመናን ይቀርባል። አባትዬው ሪፖርቱ ሲነበብ ይዞት ይሂድ። የሚጠየቅ ነገር ካለ እዚያ ይጠይቅ። ሒሳቡ ጥርት ያለ ከሆነ ያያል፤ ካልሆነም አባቱ ተነሥቶ ሲጠይቅ ያያል። ሁለቱም ይጠቅሙታል። ለመሸፈን ብቻ ከሆነ ግን ባይወስዱት ይሻላል።

«መጠየቅ ኃጢአት ነው፣ ትቀሰፋለህ» የሚለው አነጋገር ከሊቃውንቱ ወንበር አልመጣም። አንድምታ የሚባለው የሊቃውንቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሄደው በጥያቄ ነው፦ «ምነው ቢሉ»፣ «እንዴት ቢሉ»፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት መልስ ይደረድራል። በፍልሰታ በብዙ አጥቢያ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰጣል። እሱ ቅዳሴ መግባት ባይፈልግ እንኳ ትርጓሜውን መስማት ሊፈልግ ይችላል፤ አጭር ነው፣ ተቀምጦ የሚሰማ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ንገሩት፤ ካልመጣ አትድገሙት።

እነዚህ ልጆች ደግሞ የፈላስፋውን የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ይጠቅሳሉ። የማን ድርሰት እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከሩበታል፣ ያ ለጊዜው ይቆይ። ጾምንና ምንኵስናን ይነቅፋል፤ ፈጣሪን ግን ይመሰክራል፣ ይጸልይበታልም። ልጃችሁ እየጠቀሰው ከሆነ ወላጅ ያንብበውና «የትኛው ክፍል ነው የወደድከው?» ብሎ ይጠይቀው። ብዙ ጊዜ በጥቅስ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ እናንተ አንብባችሁ ስትመጡ ወሬው ይለወጣል።

ትዕግሥት (ሐዋሳ)

እኛ ፕሮቴስታንት ነን፤ ነገሩ ግን ያው ነው። በእኛ በኩል ወጣቱን የሚያስመርረው ያልተፈጸመ ትንቢትና የ«ዘር ዝራ» ገንዘብ ነው። ወላጅ ነቢዩን ለመከላከል ሲል ልጁን ያጣል። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20–21 ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ወዲያው ሁሉን ፈትኑ ይላል፣ ዘዳግም 18፥22 ደግሞ ያልደረሰ ትንቢት ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ ይናገራል። ልጁ «አልሆነም እኮ» ሲል መጽሐፉ የሚያዘውን እያደረገ ነው። ይህን ንገሩት። «የተቀባውን አትንኩ» ማለት ግን በሩን ይዘጋል።

አቤል (ሲልቨር ስፕሪንግ)

በአሜሪካ ያለን ወላጆች ሌላ ችግር አለብን። ልጆቹ 18 ሲሞላቸው ወደ ኮሌጅ ይሄዳሉ፤ ሦስት ሰዓት ግእዝና አማርኛ ሰምተው ያልገባቸውን «ትያትር» ይሉታል። በአካባቢው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሌለ ምን ይደረግ?

ቀሲስ ዘድንግል

አቤል፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመን፣ ከኤርትራና ከሕንድ ማላንካራ ኦርቶዶክስ ጋር አንድ እምነትና አንድ ቁርባን ነው ያላት። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የግብፅ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ይቀድሳሉ። ልጁ ከቤት ሳይወጣ፣ በክረምቱ፣ ለኮሌጁ የሚቀርበውን ፈልጉና አንድ እሑድ አብራችሁ ሂዱ፤ ካህኑን ያስተዋውቁት፣ ስለ ቁርባን የሚጠይቁትንም አስቀድሞ ይወቅ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻውን ፈልጎ የሚሄድ ጥቂት ነው። ትያትር ላሉት ደግሞ፣ የቅዳሴውን ትርጉም በእጃቸው ይዘው ይከተሉ፤ አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ፣ ለምሳሌ የኪዳኑን ጸሎት፣ በሳምንት አንድ ገጽ። ሁሉን በአንድ ቀን ማስረዳት ያሰለቻል።

አማካሪ

ወደ ወለተ ጊዮርጊስ ልመለስ። የሥነ ልቡና ምክር ሥራዬ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጓደኛ ሞቶበት የማያወራ ልጅ ላይ ቀልዱ ኀዘን ሊሆን ይችላል፣ ድብርትም ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የከፋው ወይም ደስ የሚለው ነገር የጠፋበት፣ እንቅልፉና ምግቡ የተዛባ፣ ከጓደኞቹ የተለየ፣ «መኖር ምን ዋጋ አለው» የሚል ከሆነ ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አሜሪካ ያላችሁ ራሱን ለመጉዳት ለሚያስብ ሰው እርዳታ ወደሚሰጠው የስልክ መስመር፣ 988፣ መደወል ትችላላችሁ። ራስን ስለ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«መንፈስ ነው» ብሎ በግድ ጸበል መውሰድ እዚህ ላይ ከሁሉ የከፋ ነው። ይህ ልጅ ጸበል አምጥቶ ጓደኛው የሞተበት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ለጸበል ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ቀሲስ ዘድንግል

በትክክል። አንድም ቃል አልቀንስበትም።

ወለተ ጊዮርጊስ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ስለ ጓደኛው ጠየቅሁት። ብዙ አላወራም፣ ግን አልቀለደም። ሙት ዓመቱ ነሐሴ 10 እንደሆነ ነገረኝ፣ በጾሙ ውስጥ ማለት ነው። እንግዲህ የምግቡን ነገር ንገሩኝ፤ ባለፈው ዓመት ማቀዝቀዣው ላይ ነው የተጣላነው።

እማማ አስካለ

ልጄ፣ ምግቡ ቀላሉ ነው። የፍስክ ድስት፣ መጥበሻና ቢላዋ ለይተሽ አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ። እንቁላል ካማረው ራሱ ይጥበስ፣ ራሱ ይጠብ፣ ትንሿ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ከመመለሷ በፊት። አንቺ ፍስክ አትሥሪለት፤ ግን አትደብቂበት፣ ስንት እንቁላል ቀረ ብለሽም አትቁጠሪ። ሥጋ ከውጭ ይብላ፣ ይህን አስቀድመሽ ተስማሚ።

ከሰዓት ቅዳሴ ሲወጣ ቤተሰቡ የዕለቱን ጾም ፈትቶ ሲበላ እሱንም ጥሪው፣ ከሁሉ ጋር ይቅረብ። ሽሮውን ወይም ተልባውን እሱ በሚወደው አድርገሽ ሥሪ። «ጾመሃል ወይ?» እንዳትይ። በልቶ ቢመጣም ይቀመጥ። ከማዕድ የተለየ ልጅ ነው የሚርቀው።

የሰንበት መምህር

እማማ ጨርሰውታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጌታ መጀመሪያ ሲገለጥ ቶማስ ከሐዋርያት ጋር አልነበረም፣ ሲነግሩትም ተጠራጠረ፤ በስምንተኛው ቀን ግን ከሐዋርያት ጋር ነበር። አላስወጡትም፣ እሱም አልቀረም። ዳግም ትንሣኤን የምናከብረው ለዚያ ቀን ነው።

ወለተ ጊዮርጊስ (አዲስ አበባ)

አባቴ ቀሲስ፣ ነሐሴ 10 ጓደኛው በቅዳሴ እንዲታሰብለት ማድረግ እንችላለን? ቅር ይለው ይሆን?

ቀሲስ ዘድንግል

ይቻላል። ግን በድብቅ አታድርጉት፤ ጠይቁት። «ስሙ እንዲጠራ እንፈልጋለን፣ ፈቃድህ ነው?» በሉት። እሺ ካለ የጓደኛውን ስመ ክርስትና በወረቀት ጽፎ ከቅዳሴው በፊት ለካህን ይስጥ፣ ወይም አንቺ ስጪለት። ስመ ክርስትናውን ካላወቀ የሟቹን እናት ይጠይቅ፤ እሳቸውም ልጃቸውን የሚያስታውስ ሰው በማግኘታቸው ደስ ይላቸዋል። መግባት ካልፈለገ ደጀ ሰላም ይቁም፣ ማንም እንዳይጎትተው። ደግሞ ከወረቀቱ ጋር ብር አትላኪ። ለመስጠት ከፈለግሽ በሌላ ቀን፣ እሱ በሌለበት ስጪ።